ፀዳለ የበላችው የአያቷ ምሳ

ፀዳለ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ወላይታ ውስጥ፣ ቦዲቲ ከተማ ነው። ከእናቷ ከአስካለችና ከአያቷ ከአባባ ኤርካሎ ጋር ትኖራለች።

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ አላባራ አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ በጉንፋን ያስላል። አባባ ኤርካሎ ደግሞ ታመው፣ መድኃኒት ሲወስዱ ከርመው፣ ሆዳቸው ተበላሽቷል። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ሲስተር የትምወርቅ እንዲህ አለች፦

«በእርጅና ሆድ ሲጎዳ፣ ሰውነት በሽታ የሚከላከልበት አቅምም ይቀንሳል። ጎመኑን፣ ቦሎቄውን፣ እርጎውን ጥቂት ጥቂት አድርጋችሁ አብሏቸው። እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።»

አስካለች ማለዳ ገበያ ትወጣለች። ስለዚህ ምሳውን የምታበላው ፀዳለ ናት። አባባ አንዷን ማንኪያ እስኪውጡ ሌላ ሰው ቢሆን ሙሉ ሰሃን በልቶ ይጨርሳል። ፀዳለ ደግሞ ውሃ ቀድታ፣ ልብስ አጥባ ክንዷ ዝሏል። ልጆች፣ እናንተም እንዲህ ደክሟችሁ ያውቃል አይደል?

አንድ ቀን አባባ ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ፀዳለ አልቀሰቀሰቻቸውም። ምሳውን ራሷ በላችው።

ማታ እናቷ «በሉ?» አለቻት።

«ሁሉንም ጨረሱ።»

በማግስቱም እንዲሁ አደረገች። በሦስተኛውም ቀን።

በአራተኛው ቀን አባባ በትኩሳት ነደዱ። ሳሉ ትንፋሽ አሳጣቸው። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው።

«ጉንፋኑ ከማንም ሊጋባባቸው ይችል ነበር» አለች ሲስተር የትምወርቅ። «ግን የሚቋቋሙበት አቅም የላቸውም። ምን እየበሉ ነበር?»

አስካለች አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ገበያ ለገበያ ስዞር አባቴን ጣልኩት።»

ፀዳለ ይህን መስማት አልቻለችም።

«እማ፣ አንቺ አይደለሽም! ምሳቸውን የበላሁት እኔ ነኝ። ዋሽቼሻለሁ!»

አባባ ኤርካሎ ከአልጋው ላይ ሰሙ። ድምፃቸው ሰልሏል።

«አውቅ ነበር» አሉ። «ዐይኔን ጨፈንኩ እንጂ አልተኛሁም። ልጄ ደክሟታል ብዬ ዝም አልኩ። ለእናትሽ መንገር ነበረብኝ፤ እኔም አጥፍቻለሁ።»

ፀዳለ እጃቸውን ይዛ «ይቅር በሉኝ» አለች። እግዚአብሔርንም ይቅር በለኝ አለችው።

አባባ ከአሥር ቀን በኋላ ቤታቸው ገቡ፤ ጉልበታቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። አሁን ጎረቤታቸው ማክዳና ፀዳለ በተራ ያበሏቸዋል። ፀዳለ ስትዝል «ዛሬ ደክሞኛል» ትላለች፤ ማንም አይቆጣትም።

ልጆች፣ በአደራ የተሰጣችሁ ሥራ ሲከብዳችሁ አግዙኝ በሉ እንጂ፣ ሳትሠሩት ሠርቻለሁ ብላችሁ አትዋሹ።