መርዶ ይዤ የገባሁበት ጨዋታ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አልነበርኩም፣ ሰው ሲያወራ ስሰማም «ደክሟችሁ ነው፣ ተኙበት» እያልኩ አሾፍ ነበር፣ ቢቸና ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክሩልኛል፣ ስለዚህ ይህን ስታነቡ ኀዘን አናወዛት እንዳትሉኝ፣ አብራኝ ሆና በዓይኗ ያየች ሰው አለች።

ባለቤቴ ይትባረክ ሞጣ ፊዚክስ ያስተምር ነበር፣ ሰኞ ማለዳ ይሄዳል፣ አርብ ሲመሽ ይመለሳል፣ የቆርቆሮ በራችንን በጋብቻ ቀለበቱ ሁለቴ ሲያንኳኳ እሱ መሆኑን አውቄ እከፍትለታለሁ። ቅዳሜና እሁድ ግን ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ በአካል ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በኢንተርኔት ጌም ይጫወታል፣ ማዳመጫውን አድርጎ ብቻውን ይስቃል። በመጨረሻው እሁድ ትዕግሥቴ አለቀና «ወይ እኔን ወይ ይህን ዕቃ ምረጥ» አልኩት። ሰኞ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ቁርስ ሳይቀምስ፣ ሳይናገረኝ ወጣ። እኔ ደግሞ እያኮረፍኩም አንጀቴ አልችል ብሎ፣ ቁራሽ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ ሳያየኝ ቦርሳው ውስጥ ከትቼለት ነበር። ረቡዕ፣ ሞጣ በተከራየው ክፍል ውስጥ፣ በተኛበት ሞቶ ተገኘ። ቦርሳው ሲመጣልኝ ጨርቁ ታጥፎ፣ ባዶ ነበር። በልቶት ይሆን? ተቀይሞኝ ለሰው ሰጥቶት ይሆን? እመኑኝ፣ ከሞቱ እኩል የምታቃጥለኝ ይህች ጥያቄ ነበረች፣ ለማንም ግን አልተነፈስኳትም።

አርባው ካለፈ በኋላ ታናሽ እህቱ ሰርካለም «እታለም፣ እነዚያ የጌም ጓደኞቹ እኮ መሞቱን አያውቁም» አለችኝ። ከነከነኝ። ወዳጅ መርዶ ሳይረዳ ይቀራል? እንግዲያው በደንቡ ይሁን ብለን፣ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ነጠላችንን ዘቅዝቀን፣ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩትን ላፕቶፕ አወጣን፣ የይለፍ ቃሉ ደብተሩ ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት ጭጋግ ነው፣ ከጭጋጉ በላይ ሁለት ጨረቃ፣ ከሥሩ ደግሞ ነጭ ካባ የለበሰ፣ ከቁመቱ የሚረዝም ሰይፍ ያዘለ ጎልማሳ፣ ከራሱ በላይ «ጊዮን» የሚል ስም ተጽፎበታል። «እሱ ነው፣ ወንድሜ እዚህ ውስጥ ይህ ነበር» አለች ሰርካለም። ይትባረክ እኮ ዶሮ ማረድ የሚፈራ ሰው ነበር! የቀስት ምልክት ያለባቸውን ቁልፎች እየተጫንኩ ላራምደው ብሞክር ከዛፍ ጋር አላተምኩት፣ ቀንዳም ቆብ የደፉ ሽማግሌ ሳይ ደግሞ «እንደምን አደሩ አባቴ» ብዬ ጻፍኩላቸው፣ ዝም አሉኝ፣ ደግሜ ጻፍኩ።

«እታለም ሙች፣ እሱ ሰው አይደለም፣ ጌሙ የፈጠረው ነጋዴ ነው፣ ሰይፍ ሊሸጥልሽ ነው የቆመው!» ብላ ሰርካለም ሳቀች፣ እኔም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ሳቃችን ሳያልቅ ጊዮን መራመድ ጀመረ።

«ቀስ አድርጊው እንጂ።»

«እጄን አንሥቻለሁ» አልኳት፣ ሁለቱንም መዳፎቼን አሳየኋት።

ጠጠር ሲረገጥ ይሰማል፣ ኮሽ፣ ኮሽ፣ ከዚያ በመሀሉ ሳል፣ ደረቅ፣ አጭር፣ የጠመኔ ብናኝ የለመደ ሰው ሳል። ሰርካለም ክንዴን ጨበጠችው። ኮረብታውን ዞሮ እሳት የተቀጣጠለበት ሜዳ ላይ ወሰደን፣ ሰባት ሰዎች ከበው ተቀምጠዋል፣ ሰይፋቸውን መሬት አስተኝተው፣ የራስ ቁራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው። በዚያ ማለዳ ማን ቀሰቀሳቸው?

«የይትባረክ ባለቤት ነኝ» ብዬ ጻፍኩ፣ መርዶውን ሳላስከትል «ዳሞት» የሚል ስም ያለው መለሰልኝ።

«እናውቃለን እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎ። ዛሬ ማለዳ እንደሚመጡ ነግሮን ነው የጠበቅንዎ።»

«ማን ነው የነገራችሁ?»

«እሱ ራሱ። ትናንት ሲመሽ እዚችው ቦታ ተቀምጦ ነበር።»

«ይሄ ባለጌ!» አለች ሰርካለም፣ ወንበሩን ገፍታ ተነሣች፣ «በሞተ ሰው ይቀልዳል እንዴ? ዝጊው!»

ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ሌላ መስመር መጣ። «ዳቦውን ሞጣ ሳልደርስ በልቼዋለሁ በሏት ብሎናል። ምን ዳቦ እንደሆነ እኛ አናውቅም።»

ምን ያህል እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም። ሲወጣልኝ «በእርግጥ ትናንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ትናንት ነው እትዬ። መንገድ ልጀምር ነው፣ አርብ ሲመሽ ቢቸና እገባለሁ ብሎ ተሰናብቶን ሄደ።»

ላፕቶፑን ዘጋሁት። ኮሽታው ግን ጥቂት ቆይቶ ነው የጠፋው።

በማግስቱ አርብ ነበር፣ ሰርካለም አላድርም ብላ ሄደች። ከሞጣ የሚመጣው አውቶቡስ ጡሩምባውን ሲነፋ ሰማሁና ተነሥቼ በሩን ቀረቀርኩት። አዎ፣ ይቅርታ ያደረገልኝን ባሌን ፈርቼ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቆርቆሮው ሁለቴ ተንኳኳ፣ በቀለበት። ያ ቀለበት ግን በክር ታስሮ አንገቴ ላይ ነበር፣ ያዝኩት፣ ቀዝቅዟል። ጎረቤት ነው ብዬ «ማነው?» ልል አፌን ስከፍት ከውጭ አንድ ጊዜ ሳል ተሰማ፣ ከዚያ የእግር ኮቴ ቀስ እያለ ወደ መንገዱ ወረደ።

አልከፈትኩለትም። ዳቦዬን የበላልኝን ሰው ደጅ አቁሜ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ያሉትን አርቦች ሁሉ መቀርቀሪያውን በእጄ ይዤ ቆሜ አመሻለሁ፣ ልክፈተው ልተወው እያልኩ።

ነገ አርብ ነው።