የይዲድያ ክንድ

የሰባት ወሩ ይዲድያ፣ ባውሽሪዬ በሚባለው የአረብ አገር ሰፈር፣ በሞግዚቱ በማሚቴ ክፍል ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ሳይደርስ ከሞተ ሳምንቱ ነው። አባቱ ስምዖን ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎታል። «መርዛዋለች፤ ለዳረክ ፖሊስ አሳልፌ እሰጣታለሁ» እያለ ይምላል። ማሚቴ ወረቀት የላትም። ፖሊስ ደጇን ከረገጠ ታስራ፣ ከዚያም ወደ አገር ቤት መጫኗ ነው።

ማሚቴ ፋጡን አስጠራች። ፋጡ የሕፃናት ደም ዘረመሉ የሚነበብበትን የሆስፒታል ቤተ ሙከራ አሥር ዓመት የወለወለች፣ ዓይኗ ከመጥረጊያዋ ቀድሞ ጥግ የሚደርስ ሴት ናት። ሬሳውን አይታ ነው የመጣችው።

«ክንዱ ላይ ያለችው ቁስል ምንድን ናት?»

«የቢንቢ ንክሻ መስላኝ ነበር እትዬ። ያኒ፣ ማለቴ፣ ቅባት ብቀባት ብቀባት ሁለት ወር አልድን አለች።»

ደጃፉ ላይ የቆመው ስምዖን አላስጨረሳትም። «ልጄ ምን ጎድሎበት ነበር? ክትባቱ እንኳ እንደ አገር ቤት ልጅ የተሟላ ነው!»

ፋጡ ቀና ብላ አየችው። ስምዖን ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ቀጥላ ፋጡ ወደ ሀይማኖት ፀጉር ቤት ሄደች። ሀይማኖት አሁን ፀጉር ብትሠራም አገር ቤት የጤና ረዳት ነበረች።

«መርፌ መውጋት ረሳሽው?» አለቻት ፋጡ፣ ጥጉ ላይ ያለውን ፍሪጅ እያየች።

«እጅ ይረሳል እንዴ እትዬ?» አለችና ከንፈሯን ነከሰች።

በማግስቱ ፋጡ ሁሉንም በማሚቴ ክፍል ሰበሰበቻቸው። የይዲድያ እናት ኮኮቤም ከማዳሟ አስፈቅዳ መጣች።

«ከወራት በፊት ሕመም ሲደጋግመው ደሙን የቀዳችለት ሐኪም ነግራኛለች፤ የዘረመሉ ውጤት ደርሷል» አለች ፋጡ። «ልጁ በሽታ የመከላከል አቅም ሳይኖረው ነው የተወለደው፤ በእናቱ በኩል የወረሰው ነው። የገደለውም መርዝ አይደለም፤ በሳንባ ነቀርሳ ክትባት ውስጥ ያለው የደከመ ጀርም ነው። ለጤነኛ ልጅ ጠባሳ ትቶ ያልፋል፤ እሱን ግን ከክንዱ ቁስል ጀምሮ በላው። እዚህ አገር ያንን ክትባት እንደ አገር ቤት ለሕፃን ሁሉ አይሰጡም። የክሊኒክ ካርዱ ላይም የለም። ስምዖን፣ አንተ ግን ‹እንደ አገር ቤት ልጅ የተሟላ› አልክ። ካርዱ የማያውቀውን የሚያውቅ ያስወጋው ሰው ነው። ብልቃጡ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ማሚቴ ደግሞ ፍሪጅ የላትም። ፍሪጅም የሚወጋ እጅም ያላት ሀይማኖት ናት።»

ሀይማኖት አለቀሰች። «ስምዖን ከአገር ቤት በበረዶ አስመጥቶ ‹ውጊልኝ› አለኝ። ለልጁ ብዬ ነው።»

«ክሊኒኩ ‹እዚህ አይሰጥም› ሲለኝ ለሐበሻ ልጅ የነፈጉት መሰለኝ» አለ ስምዖን። «አሥራ አንድ ዓመት መኪናቸውን ሳጥብ አንድ ቀን በስሜ አልጠሩኝም። ልጄንም የናቁት መሰለኝ።»

ማሚቴ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ሳታውቅ ነው ያደረግኸው» አለች ኮኮቤ ለስምዖን እጇን እየዘረጋችለት። «በሽታውም ከእኔ ነው የመጣው።»

«ኸላስ፣ በቃ» አለች ፋጡ ቦርሳዋን እያነሳች። «ሳያውቅ ያጠፋ ይቅር ይባላል።»

ስምዖን የተዘረጋለትን እጅ አየው። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ይቀበር ነበር፤ ፋጡም ከዚህ ወዲያ የምትቆፍረው አልነበራትም።

«ሐኪሟ ደሙን ስትቀዳ ነግራኝ ነበር» አለ። «‹ውጤቱ እስኪመጣ የደከመ ጀርም ያለበት ክትባት እንዳታስከትቡት› ብላ። አንቺ ማዳምሽ ጋ ነበርሽ። አልነገርኩሽም።»

የኮኮቤ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ።