ወንድሜ የታሰረበት አልጋ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ እንኳን ላምን ጎረቤቴ ዛር ወረደብኝ ብላ ስታጓራ «ተነሺና ውሃሽን ቅጂ!» ብዬ የማባርር ሰው ነኝ። ይሄን ስነግራችሁ ታዲያ አብዳለች እንዳትሉኝ፣ አበደ የተባለ ሰው ምን እንደሚደረግ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታናሽ ወንድሜ አለምነው ለሰሊጥ አረም ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ባሱንዳ የሚባል ቦታ እርሻ ላይ ነበር። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ሲያስለፈልፈው ጓደኞቹ ጭነው ገዳሪፍ አመጡና አንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስገቡት፣ እኔም እዚያው ከተማ ገበያ ላይ ሻይ ስለምሸጥ ወሬው ሲደርሰኝ ሮጥኩ። ብታምኑም ባታምኑም፣ ሁለት እጁን ከአልጋው ብረት ጋር በናይለን ገመድ ጠፍረውት አገኘሁት! የእጁ አንጓ ተልጦ ዝንብ ይወረዋል። ትኩሳቱ ለቆት አነጋገሩ እንደ እኔና እንደ እናንተ ነው።

«እቴ፣ ፍልሰታ አይደል? ወተትና መረቅ አምጥተው ጠጣ ሲሉኝ እምቢ አልኩ፣ ይኸው» አለኝ።

ነርሱ ላይ ጮህኩበት። «ኸላስ፣ መጅኑን ነው፣ እብድ! ምግብ እምቢ ይላል» ይለኛል፣ እየሳቀ! ደሜ ፈላ።

«እናንተ ረመዳን ስትፆሙ ማን አስሯችሁ ያውቃል?» አልኩት በዓረብኛ።

ሳቁን አቆመ፣ ግን ሙዲሩ፣ ኃላፊው ማለት ነው፣ እሱ ካልፈቀደ አይፈታም ብሎ አስወጣኝና በሩን ቆልፎ ሊጠይቅ ሄደ።

ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ገመዱ ብረቱን ሲፈትግ ይሰማኛል፣ ጭር ይላል፣ ደግሞ ይፈትጋል። ከዚያ ባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ ሲራመድ ሰማሁ፣ ልብ በሉ፣ ክፍሉ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም የለም፣ እሱ ደግሞ ታስሯል። «አለምነው!» ብል «አለሁ እቴ» አለኝ፣ ድምፁ ልክ ከበሩ ማዶ፣ ከጆሮዬ ሥር ነበር።

ነርሱ ተመልሶ ከፈተው። አልጋው ባዶ! ከገመዱ ቋጠሮ አንዱም አልተፈታም፣ እጁ የነበረበት ቀለበት እንዳለ ተንጠልጥሏል፣ መስኮቱ ፍርግርግ ብረት ነው፣ በሩ ላይ ደግሞ እኔው ነበርኩ። ብዋሽ ምላሴ ይቆረጥ!

ሙዲሩ «አመለጠ» ብሎ አሰናበተኝ፣ የጠፋው በግ ይመስል። ባሱንዳ ሄድኩ፣ መተማ አስጠየቅሁ፣ የለም። የነገርኩት ሰው ሁሉ «እንዴት ወጣ?» ይለኛል፣ «ለምን ታሰረ?» የሚለኝ ግን አንድም አጣሁ፣ እሱ ነው አንጀቴን የሚያሳርረኝ።

በሳምንቱ ወንድሜን አምጡ ልል ተመለስኩ። እዚያው አልጋ ላይ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ በዚያው ገመድ ተጠፍረዋል። ከንፈራቸው የደረቀ መስሎኝ ውሃ ላጠጣቸው ኩባያ ፍለጋ ዘወር ስል፣

«አትድከሚ ልጄ፣ ያ ሀበሻ ልጅ ቀትር ላይ እየመጣ ያጠጣኛል፣ አሁን ወጣ» አሉኝ።

ነርሱ ከኋላዬ «መጅኑን!» ብሎ ሳቀ። ዞሬ ሳያቸው የሽማግሌው ጢም ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።