ዲስክ የሌለው ፓርቲሽን

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሁሉም ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። አሁን የምነግራችሁ ግን በሁለት ዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሌሊት አይደለም። ጨለማም የለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ኮምፒውተር በምጠግንባት ጠባብ ሱቄ ውስጥ...

ታላቅ እህቴ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ባሏን ከቀበርን ገና ዓመት አልሞላም። የሱን ሀርድ ዲስክ ፈትቼ ከእኔ ማሽን ጋር አገናኝቼዋለሁ። ለልጃቸው ተረት እያነበበ የቀዳው ድምፁ እዚያ ላይ ነው ያለው። ሌላ ቦታ የለም።

"ጠፋ እንዳትለኝ" አለችኝ። "ትንሿ ድምፁን መርሳት ጀምራለች።"

"ኧረ ተይ እትዬ! እንጀራዬ እኮ ነው" አልኳት። ጉራ መቼ ይጎድለኛል።

በዚህ ስራ የሚያስፈራው ሙሉውን ዲስክና ፓርቲሽኑን ማምታታት ነው። ዲስኩ ቤቱ ነው በሉት፤ ፓርቲሽኖቹ ደግሞ ውስጡ ያሉት ክፍሎች። አንዱን ክፍል አጸዳለሁ ብለህ ቤቱን ካፈረስክ አለቀልህ! ስለዚህ ምንም ሳልነካ፣ ማሽኔ በሚሰራበት ሲስተም፣ በሊኑክስ፣ የዲስኮቹን ዝርዝር አወጣሁ።

ኤስዲቢ፣ ማሽኑ ለባሏ ሀርድ ዲስክ የሰጠው ስም... ዓይነቱ ዲስክ። ሙሉው እሱ ነው።

ከስሩ ኤስዲቢ አንድ... ፓርቲሽን።

ኤስዲቢ ሁለት... ፓርቲሽን። ድምፁ ያለው እዚህ ነው።

ኤስዲቢ ሶስት...

ሶስት?

ያንን ዲስክ ለሁለት የከፈልኩት እኔው ነኝ። በገዛ እጄ!

የሶስተኛው መጠን ዜሮ ይላል። ዝርዝሩን ደግሜ አወጣሁ። ሶስተኛው አድጓል... ሁለተኛው በዚያው ልክ ቀንሷል።

"ምን አገኘህ?" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

"ምንም።"

"ፊትህ አመድ መስሏል እኮ።"

አላስቻለኝም። የዲስኩን ገመድ መንጭቄ ነቀልኩት። ዲስኩ መዳፌ ላይ ነው፤ ገና ይሞቃል።

ዝርዝሩን አወጣሁ። ኤስዲቢ የለም። አንድም ሁለትም የሉም።

ሶስት ግን አለ።

ዓይነቱን አየሁ... ፓርቲሽን። የምን ፓርቲሽን? ቤቱ እጄ ላይ ነው፤ ክፍሉ ብቻውን አየር ላይ ቆሟል!

ዲስኩን መልሼ ሰካሁት። አንድና ሁለት ተመልሰው መጡ። ሁለተኛው ባዶ ነው። ሶስተኛው ከማንም ስር አይደለም...

ላጠፋው ሞከርኩ። ወገኖቼ፣ ፓርቲሽን የሚጠፋው ካለበት ዲስክ ላይ ነው። ይሄ ዲስክ የለውም። ከየት ላጥፋው? ስንት ዓመት የሰራሁበት እጅ ኪቦርዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"ድምፁስ?" አለች እህቴ።

"ወደ ሶስተኛው... ሄዷል።"

"ታዲያ ክፈተዋ!"

"አልከፍትም።"

"ስሞትልህ... አንዴ ብቻ።"

እሷ ስታለቅስ አልችልም። ከልጅነቴም አልችልም። ከፈትኩት።

የባሏ ድምፅ ነው። ራሱ ነው። ግን ተረት አያነብም...

"ሆዴ" አለ። እሷን እንዲህ የሚላት እሱ ብቻ ነበር። "ሆዴ... አለሽ?"

ስፒከሩን አየሁት። ገመዱ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል።

"እንዳትመልሺለት!" ጮህኩ። ለምን እንዳልኩ እንጃ። አፏን ልይዝ እጄን ስሰድ ቀደመችኝ።

"አቤት" አለች።

የባሏ ድምፅ ተቋረጠ።

"እትዬ?"

ዞር ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። ጉሮሮዋን ያዘች። ደግማ ሞከረች... ምንም። ዓይኗ ፈጠጠ፣ እጄን ጨብጣ ትወዘውዘኛለች። አምላኬ ሆይ፣ ምን ላድርጋት?

ዝርዝሩ ማንም ሳይነካው ተቀየረ።

የሶስተኛው ዓይነት አሁን ፓርቲሽን አይልም። ዲስክ ይላል። ሙሉ ዲስክ።

ከስሩ አንዲት አዲስ ፓርቲሽን ገብታለች። መጠኗ ዜሮ...

እህቴ ስሜን እየጠራች ይመስለኛል። ከንፈሯን ባንቀሳቀሰች ቁጥር፣ ያቺ ፓርቲሽን ትንሽ ትንሽ ታድጋለች።