ከፎቶው ላይ የጠፋችው ሽቦ

ፎቶ አንሺው ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለሽያጭ ከተዘጋጀ አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ወድቆ ሞተ። የበረንዳው መከላከያ ብረትም አብሮት ወርዶ አጠገቡ ተገኘ። ብረቱን የበየደው የሚስቱ ወንድም ነበርና ፖሊስ ከቀብር መልስ በያጁን ይዞት ሄደ።

«እህቴ፣ ባሌን መመለስ አትችይም» አለቻት የሟች ሚስት መርማሪዋን። «ወንድሜን ግን አውጪልኝ። እሱም ከሄደ ምን ቀረኝ?»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ምስጥ» ይሏታል፤ ድምፅ ሳታሰማ ውስጥ ውስጡን ስለምትበላ ነው። መጀመሪያ የሄደችው በያጁ ወደታሰረበት ጣቢያ ነበር።

«ብየዳው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። መኪና ቢጎትተው አይነቀልም።»

«ታዲያ እንዴት ተነቀለ?»

«እኔም እሱን እየጠየቅሁ ነው እኮ! የእህቴን ልጆች አባት ልገድል ነው እንዴ?» ፊቱን በመዳፎቹ ሸፍኖ አለቀሰ።

አፓርታማው ውስጥ የጠበቃት የሽያጭ ሥራ አስኪያጁ ነበር፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ አንደበቱ ቅቤ የሆነ ሰው።

«እኔ ከሁለት ሳምንት ወዲህ እዚህ ቤት አልረገጥሁም» አለ። «ከአደጋው በኋላ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ግድግዳው ላይ የቀረውን የብረቱን ስባሪ በስልክ አዝዤ አስቆርጫለሁ። ያን ዕለት ጠዋት ብረቱ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ግን ፎቶው ይመሰክራል። ብየዳው ነው የከዳው።»

በያጁን ያሳሰረውም ይኸው ፎቶ ነው። ሰፊ ሳሎን፣ ነጭ ሶፋ፣ ከኋላው እንከን የሌለበት በረንዳ። መርማሪዋ ሶፋውን በክንዷ ለካችው፤ ወጥታም የደረጃውን መታጠፊያ ለካች።

«ሶፋው በየት ገባ?»

«የዕቃ ሰዎች ናቸው ያስገቡት። እኔ ምን አውቄ!»

ከዚያ ፎቶ አቀናባሪው ቢሮ ደረሰች። ከሟቹ ጋር አሥር ዓመት ሠርቷል፤ ከሞቱ ወዲህ ግን እህል በአፉ የዞረ አይመስልም።

«ካሜራው ከቦታው አይነቃነቅም» ብሎ አስረዳት። «እሱ ፍላሽ ይዞ እየዞረ አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ መጋረጃውን፣ አንዴ ሶፋውን ያበራል። ሠላሳ ፎቶ ያነሳል፤ እያንዳንዱ ወዲያው እኔ ስክሪን ላይ ይደርሳል። በደንብ የበራ የበራውን ወስጄ አንድ ክፍል አደርገዋለሁ። እሱንም፣ ገመዱንም፣ ቆሻሻውንም አጠፋለሁ።»

«የሚጠፋውን ማን ይነግርሃል?»

«ሻጮቹ በመልእክት ይልካሉ።»

«መልእክቱን አሳየኝ። ያልተነካኩትንም ፎቶዎች ስጠኝ።»

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉንም አፓርታማው ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በያጁ እጁ በካቴና እንደታሰረ ቀረበ፤ እህቱ ዐይኗን ከካቴናው ላይ መንቀል አቃታት።

«ከሶፋው እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «በደረጃው አያልፍም። የበረንዳው ጠርዝ ላይ ገመድ የፋቀው ምልክት አለ። ሶፋው በበረንዳ ተጎትቶ ነው የገባው፤ ለዚህ ደግሞ ብረቱ መቆረጥ ነበረበት። ከአደጋው በኋላ አስቆረጥሁ የተባለው ቀድሞ የተቆረጠውን ለመሸፈን ነው።»

«ከተቆረጠ ፎቶው ላይ እንዴት ቆመ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መርማሪዋ ያልተነካካውን ፎቶ ከፈተች። ፍላሹ ከጎን ስለበራ በብረቱ ጫፍ ላይ አንዲት ቀጭን ሽቦ ታበራለች።

«በሽቦ ታስሮ። ለፎቶ ያህል ብቻ። ሟቹ ሶፋውን ከኋላ ሊያበራ በረንዳው ላይ ወጣና ተደገፈው።»

«ታዲያ የዕቃ ሰዎቹ ናቸዋ ያሰሩት!»

«ይሆናል። እርስዎ ግን ለአቀናባሪው ‹የበረንዳው ብረት ላይ ያለችውን ሽቦ አጥፋልኝ› ብለው ጽፈዋል። የላኩት ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሟቹ የዚህን ቤት በር የከፈተው ሦስት ሰዓት ላይ። ሁለት ሳምንት ያልረገጡት ቤት፣ ገና ያልተነሳ ፎቶ! ሽቦዋን በምን ዐይንዎ አዩዋት?»

ሥራ አስኪያጁ ሶፋው ላይ ዘጭ አለ።

«ሐሙስ ላስበይደው ነበር» አለ። «የአንድ ቀን ነገር እኮ ነው። ብነግረው ቀጠሮውን ይሰርዝብኛል ብዬ...»

ካቴናው ከበያጁ እጅ ወጥቶ ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ ገባ። እህትና ወንድም ተቃቅፈው ተንሰቀሰቁ። ያኔ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው አቀናባሪ ተናገረ።

«እኔም አለሁበት። ሽቦዋን አጉልቼ አይቻታለሁ። በቀን ሃምሳ እንዲህ ያለ ነገር ስለማጠፋ ምን እንደያዘች አልጠየቅሁም። አጥፍቼ እንደጨረስሁ ሟቹ ከዚህ ቤት ሆኖ ደወለልኝ። ‹በበረንዳው በኩል እንዴት ነው?› አለኝ።»

ሴትየዋ ከወንድሟ ደረት ላይ ቀና አለች።

«ምን አልከው?»

«‹ምንም የለበትም፣ ቀጥል› አልኩት።»