ዘጠኝ ጫማ የጎደለው በር

ቨርሊን ታግል፣ ኦዴል ፕሩትን መጀመሪያ ያየችው በምግብ ቤቷ ደጃፍ ተንበርክኮ ነው። የዓሣ ሣጥን ተሸክማ ስትወጣ እጁን ልትረግጠው ምንም አልቀራትም።

«ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም። እየለካሁ ነው፣ እመቤቴ።»

ቀና አለ። ጢሙ የሸበተ፣ ዐይኑ የረጋ ሰው ነው። ለምን እንደመጣ ገባት። የቢራ መሸጫ ፈቃድ ጠይቃ ነበር። በዚያች የምሥራቅ ቴክሳስ ከተማ የቢራ ቤት በር ከቤተ ክርስቲያን በር ሦስት መቶ ጫማ መራቅ አለበት። የሚለካውም በመንገዱ ዳር፣ ከዋናው በር እስከ ዋናው በር ነው። ኦዴል የከተማው ቀያሽ ነበር።

«ስንት ሆነ?»

«ሁለት መቶ ዘጠና አንድ።»

«ዘጠኝ ጫማ ነው የጎደለው? ትንሽ ሳብ አያደርጉትም?»

«መለኪያው ላስቲክ አይደለም።»

በሳምንቱ ፈቃዱ ተከለከለ። ኦዴል የዚያው የጎረቤቷ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መሆኑን ስትሰማ ደሟ ፈላ። አርብ አርብ ዓሣ በላተኛው ሁሉ ቢራ ወዳለበት፣ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ይነጉዳል። እስከ መኸር ካልተፈቀደላት ቤቱን ትዘጋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ያ ቤት ብቻ ነው።

በማግስቱ ኦዴል ምሳ ሊበላ ገባ።

«ደግሞ ምን ሊለኩ መጡ?»

«ዓሣ ልበላ።»

«ፓስተርዎን አስደስተዋል። አሁን ደግሞ በእኔ ዓሣ ሊደሰቱ!»

አልተቆጣም። ሳህኑን ጨረሰ፣ አፉን ጠረገ።

«የቀረበው በሩ ነው፤ ቤቱ አይደለም። በር ደግሞ ይዞራል።»

ይህን ብሎ ወጣ። ቨርሊን የተወለወለውን ጠረጴዛ ደግማ ወለወለች። ከዚያ ወጥታ በማዕዘኑ ዞረች፤ በሌላው መንገድ በኩል ያለውን ግድግዳ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ሰኞ ግንበኛ ጠራች። ግድግዳው ፈረሰ፣ አዲስ በር ገባ፣ አሮጌው በጡብ ተደፈነ። አቧራው እየቦነነ እንኳ ኦዴል በየቀኑ ምሳውን ይበላ ነበር። ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ግን...

«ዛሬ ጨው አነሰው፣ ቨርሊን።»

በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። ጨው ለማምጣት ወደ ማድ ቤት ገብታ፣ ጨውን ረስታ ፈገግ እንዳለች ተመለሰች።

ማመልከቻውን እንደገና አስገባች። ልኬቱ ሐሙስ ሊሆን ተቀጠረ። ረቡዕ የከተማው ጸሐፊ ደወለችላት፦

«የሚለካው ከጎረቤት አውራጃ የሚመጣ ሰው ነው። ኦዴል አልለካም ብሏል።»

ቨርሊን ሽርጧን ሳትፈታ ኦዴል ቤት ድረስ ሄደች። ግቢው ውስጥ አጥር ሲጠግን አገኘችው።

«ፈራህ አይደል? ፓስተሩ ተቆጣህ!»

«አልፈራሁም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው? ሦስት ሳምንት ዓሣዬን ስትበላ ከርመህ፣ በቁርጡ ቀን ትከዳኛለህ?»

መዶሻውን መሬት አስቀመጠ።

«በሩ ይበቃል። አትጠራጠሪ።»

«ከበቃ ለምን አትለካውም?»

«እኔ ከለካሁት ሰው ‹ለሷ ሲል ነው› ይላል። ወረቀቱ እንደገና ይወድቅብሻል።»

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

«ዐይን ያለው ሁሉ። ስወድሽ ያላየ ሰው በከተማው የለም... ካንቺ በቀር።»

መጥታ የጮኸችበት አጥር ላይ ተደገፈች።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?»

«ልናገር አፌን ስከፍት ዓሣ ትጨምሪልኛለሽ!»

ሳቀች። እንባዋን በሽርጧ ጠረገች፤ ደግሞ ሳቀች።

እንግዳው ቀያሽ ሐሙስ ለካ፤ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ሆነ። ፈቃዱ በወሩ መጣ። ቨርሊን ወንበር ላይ ቆማ ግድግዳው ላይ እየሰቀለችው ሳለ ኦዴል ገባ። ቤቱ በበላተኛ ሞልቷል።

«ፓስተሩ ጠርቶኝ ነበር።»

«ምን አለህ?»

«‹ቢራ ሻጭ ልታገባ ነው?› አለኝ።»

«አንተስ?»

«‹ገና አልጠየቅኋትም› አልኩት።»

ቨርሊን ከወንበሩ ወረደች።

«ጠይቃታ!»

ኦዴል ባርኔጣውን አወለቀ። ሹካ ሁሉ ቆመ።

«ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ!»

በጥቅምት ያጋባቸው ያው ፓስተር ነው። ከቢራው አልቀመሰም፤ ዓሣውን ግን ሦስቴ አስጨመረ።