አንድ ሴት፣ ስድስት ብልቃጥ

ጠዋት ጠዋት ዓሣዋ የየቤቱን ደረጃ በአፍንጫዋ ታንኳኳለች። የብረት ዓሣ ናት፤ በዝዋይ ሐይቅ ላይ በተንሳፈፈው ሰፈር እየዞረች፣ ሴቶቹ ቤታቸው ራሳቸው የወሰዱትን ናሙና ትሰበስባለች። ኤች ፒ ቪ የሚባለው፣ ሳይጠፋ ከቆየ የማኅፀን በር ካንሰር ሊያመጣ የሚችለው ቫይረስ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በዚያ ነው። ሕፃናቱ እንኳ ለምደዋት ዞር ብለው አያይዋትም።

የዚያን ቀን ግን መርማሪው፣ ያ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ውስጥ የሚኖረው ተናጋሪ መሣሪያ፣ ሲስተር ፋናዬን ጠራት።

«ሳልበላሽ አልቀረሁም። ስም ስድስት፣ ብልቃጥ ስድስት፤ ሴትዮዋ ግን አንድ ናት። ቫይረስ የለባትም።»

ፋናዬ ሁለቴ ሦስቴ አስደገመችው። መሣሪያው ደህና ነው። ስድስቱም የአንድ እድር ሴቶች መሆናቸውን ስታይ ጀልባዋን አስነስታ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ እትዬ አስናቁ ቤት ሄደች። ሴቶቹን እዚያው ተሰብስበው አገኘቻቸው።

«እትዬ አስናቁ፣ ስድስታችሁም አንድ ሰው ናችሁ ይላል መሣሪያው።»

«አያችሁ? እድር ሲዋደድ እንዲህ ነው!» አሉ አስናቁ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ከመካከላቸው ትርንጎ ብቻ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ ናሙና የሰጠሁላቸው። ባለፈው ነፃ ነሽ ተብዬ የለ? ለቅሶ ላይስ አንዷ ስትቀር ሌላዋ ትቆምላት የለም እንዴ?»

ፋናዬ ልትቆጣ ብላ ተወችው። «የኔ እናት፣ ያንቺ ጤና ያንቺ ነው። እትዬ አስናቁ ጋ ያለውን ማን አየላቸው?»

አስናቁ ሳቃቸው ጠፋ። «እናቴን የወሰደብኝ ይሄ ካንሰር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አለብሽ እንዳልባል ፈርቼ ነው፣ ልጄ።»

«ቫይረሱ ተገኘ ማለት ካንሰር ያዘዎት ማለት አይደለም፣ እትዬ። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ባያጠፋውም፣ የሚያመጣው ለውጥ በጊዜ ከታየ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ይታከማል። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይታይ የቀረው ነው።»

በማግስቱ ዓሣዋ አምስት አዲስ ብልቃጥ ይዛ ገባች። አራቱ ነፃ ሆኑ። በአስናቁ ግን ቫይረሱ ተገኘ፤ ሲመረመሩም የማኅፀናቸው በር ላይ ገና ካንሰር ያልሆነ ትንሽ ለውጥ ታየ። ለውጡ በሙቀት ተቃጥሎ እንዲጠፋላቸው ለሐሙስ ተቀጠሩ።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪው እንደገና ግራ ገባው። «ታካሚዋ አንድ ናቸው፤ የመጡት ስድስት። አምስቱ ጤነኞች ናቸው። ምን ሊያደርጉ መጡ?»

ፋናዬ በመስኮት አየቻቸው። ትርንጎ የአስናቁን እጅ ጨብጣ ይዛለች።

«ሊተኳቸው ስላልቻሉ አብረዋቸው መጡ» አለችው።

መርማሪው የግድግዳውን ቁም ሳጥን ከፈተ።

«አምስት ወንበር ላውጣ?»